ሦስት ቅጂ በአንድ ካዝና

የፒያሳ ወርቅ ነጋዴ የዕለት ሂሳቡን በሦስት ደብተር አስጽፎ ሦስቱንም በአንድ ካዝና ቢቆልፍ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። ኮምፒዩተር ሲገዛ ግን ይኸው ስህተት በውድ ዋጋ ይሸጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒዩተር ሲያገለግል ክፍልፋዮቹ ቨርችዋል ማሽን ይባላሉ። የድርጅቱ የመረጃ ቋት በሦስት ቨርችዋል ማሽኖች ላይ ሦስት ቅጂ ይኖረዋል፤ ቢያንስ ሁለቱ መመዝገቡን ካላረጋገጡ ክፍያው አይጸድቅም። እስከዚህ መልካም ነው። ጣጣው የሚመጣው ዲስክ ሲመረጥ ነው። ሻጩ ሦስቱም ማሽኖች በኔትወርክ የሚጋሩትን አንድ ትልቅ የዲስክ ሳጥን ያቀርባል። ሳጥኑ ሲበላሽ ሦስቱም ቅጂዎች አብረው ይቆማሉ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተበትኖ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ የሚያስቀምጥ የጋራ ማከማቻ ከተመረጠ ደግሞ ሦስት በሦስት ዘጠኝ ቅጂ ይሆናል። ገዢው የዘጠኝ ዲስክ ዋጋ ይከፍላል፣ ምዝገባውም ይዘገያል።

ዲስክ የሚገባው በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዚህ ዋጋ አንድን መዝገብ ዘጠኝ ጊዜ ማስቀመጥ ቅንጦት ነው።

የሚያዋጣው በየሰርቨሩ ውስጥ የተገጠመ ፈጣን ዲስክ ነው፤ ቅጂውን የመረጃ ቋቱ ራሱ ይሥራ። ሦስቱ ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ላይ እንዳይገናኙ በትእዛዝ መከልከል አለባቸው፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ ራሱ አንድ ቦታ ሊሰበስባቸው ይችላል። መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ የዲስኩ ዓይነት ወሳኝ ነው። ርካሹ ዲስክ ጽሑፉ ገና በጊዜያዊ ማኅደሩ እያለ «ጽፌአለሁ» ሊል ይችላል፤ መብራት ከጠፋ መዝገቡም ይጠፋል። ለሰርቨር የተሠራው ግን የጀመረውን የሚጨርስበት ትንሽ ኃይል በውስጡ ይይዛል።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተነሣውን እሳት ፒያሳ አልረሳውም። ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ምን እንደሚያስከትል የአራዳ ሰው አስተማሪ አያሻውም። ጎሮ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ የግል የመረጃ ማዕከሎች ስላሉ አንዱን ቅጂ እዚያ ማኖር ይቻላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ርቀቱ በራሱ የሚያመጣው መዘግየት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው።

የጋራ ማከማቻ ፈጽሞ አይረባም ማለት አይደለም። ቅጂ መሥራት ለማይችል አሮጌ የሂሳብ ሶፍትዌር ተገቢ ነው፤ ሰርቨሩ ሲሞት ማሽኑ በሌላው ላይ ይነሣል። የውስጥ ዲስክ ግን ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይሞታል፣ አዲሱን ቅጂ መሙላትም ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ከሁለት ይልቅ ሦስት ቅጂ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቅጂ ከስህተት እንደማያድንም ይታወቅ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ ሲወጣ ባንኩ መንስኤው የሲስተም ማሻሻያ ሥራ መሆኑን ገልጿል። ዲስክ አልተሰበረም። የተሳሳተ ትእዛዝ ወደ ሦስቱም ቅጂ በእኩል ፍጥነት ይደርሳል። ስለዚህ ማንም የማይነካው የየዕለቱ መጠባበቂያ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የደንበኛን ትእዛዝ መዝግቦ መያዝ የአገናኝ ድርጅቶችም ግዴታ ሆኗል። ገዢው ቼክ ከመፈረሙ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ምዝገባ በሚካሄድበት ሰዓት የአንዱን ሰርቨር ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ ያሳየው።