ስፖንሰር ወይስ ምጽዋት?

በየሰፈሩ አንድ ጋሼ አሰልጣኝ አሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ሃያ ምናምን ልጅ ግን አላቸው። ኳስ ሲቀደድ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ። «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ይመለሱ» ይባላሉ። ያ ሰኞ መጥቶ አያውቅም።

ያው ኩባንያ ግን ሜዳሊያ ያጠለቀ ሯጭ ቦሌ ሲደርስ አበባ ይዞ ይሰለፋል። የኛ ስፖንሰር አጨዳ ላይ እንጂ ዘር ላይ የለም! ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂ ግን ዘሪ ነበራት፤ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ።

«ቢራ ፋብሪካዎች ነበሩልን፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አሸሻቸው» የሚል አይጠፋም። አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። እሰየው! የ13 ዓመት ልጅ ደረት ላይ የቢራ ስም አለመለጠፉ እኔን አያስለቅሰኝም። የሚያስለቅሰኝ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ዱቄት ፋብሪካውም ቦታውን ለመሙላት አለመሽቀዳደማቸው ነው።

ወገኖቼ፣ ስፖንሰርነት ውል እንጂ ምጽዋት አይደለም። ኩባንያው ኳስ፣ ማሊያና የመኪና ኪራይ ይችላል፤ ስሙም በሰፈሩ ይጠራል። አሰልጣኞቻችንም ልመናውን ትተው የልጆቹን ስም ዝርዝር፣ የዓመት ዕቅድና በደረሰኝ የተወራረደ የወጪ መዝገብ ይዘው ይግቡ። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ቀን ፎቶ ሳይሆን ለሦስት ዓመት ይፈርም።

ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ልጅ ግን አይቀመጥም፤ ያድጋል።