ኩላሊቱ ከተተከለ በኋላ፦ ከጎተራና ከአውድማ የሚነሣው ስጋት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተከናወነ ወዲህ፣ ከዘመድ በተለገሰ ኩላሊት ሕይወታቸው የቀጠለ ወገኖች ወደየቀያቸው ተመልሰዋል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ተብሏል። ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ፣ በተለይም ስለ ገጠሩ፣ የተነገረው ጥቂት ነው።

ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋው፣ ታካሚው ታክሮሊመስን፣ ማይኮፌኖሌትንና ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ይወስዳል። መድኃኒቶቹ በሽታ የመከላከል አቅምንም አብረው ያዳክማሉ። ጤነኛ ሰው በየዕለቱ እየሳበው የማይጎዳው የሻጋታ ብናኝ በእንዲህ ያለ ታካሚ ሳንባ ውስጥ ሥር ይሰድዳል፤ አልፎም በደም በኩል አንጎል ሊደርስ ይችላል። አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ በሻገተ እህል፣ በረጠበ ድርቆሽና በብስባሽ ውስጥ ይራባል፤ ክሪፕቶኮከስ ደግሞ የርግብ ኩስ ባለበት አፈር ይገኛል። ጎተራ መጥረግ፣ እህል መውቃትና ፍግ መዛቅ ለሌላው ገበሬ የዘወትር ሥራ ነው። ለንቅለ ተከላ ታካሚ ግን፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ለቤተሰብ ወይም ለጎረቤት የሚተው ነው።

ሕመሙ በቀላሉ አይለይም። ሳሉና ትኩሳቱ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሳንባ ምች ይመስላል፤ ክሪፕቶኮከስ የአንጎል ሽፋን ሲደርስም ምልክቱ ለሳምንታት የማይለቅ ራስ ምታት ብቻ ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚያደበዝዝ "አላተኮሰኝም" ማለት ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ታካሚው ጤና ጣቢያ ሲደርስ አስቀድሞ ሊናገር የሚገባው ንቅለ ተከላ እንደተደረገለት ነው።

ሕክምናውም ሚዛን ይጠይቃል። ቮሪኮናዞልና ፍሉኮናዞል የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ፤ የታክሮሊመሱ መጠን ካልተቀነሰና በደም ምርመራ ክትትል ካልተደረገበት የዳነው ኩላሊት በመድኃኒቱ ይመረዛል። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒትም ኩላሊትን ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የፈንገስ ክኒን መግዛት ለእነዚህ ሰዎች አደጋው ከባድ ነው።

ነገሩ ማሳውንም ይነካል። የስንዴ ዋግን ለመከላከል የሚረጨው ፕሮፒኮናዞል ከእነዚሁ የፈንገስ መድኃኒቶች ወገን ነው። በኔዘርላንድስ በእርሻ ኬሚካል መድኃኒቱን የተላመደ አስፐርጊለስ በታካሚዎች ላይ ተገኝቷል። ዋግ ሰብል እያወደመ አትርጩ ማለት አይቻልም፤ ከታዘዘው መጠንና ጊዜ ውጭ የሚደረግ ርጭት ግን የሐኪሙንም መሣሪያ ሊያዶለዱም ይችላል።