ከባሌ ደጋ ቤተ ሙከራዎች የቀረበ አቤቱታ

በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት በጀት ላይ ለምትወስኑ ክቡራን ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የቤተ ሙከራ ደኅንነትንና የተመራማሪዎችን ድጋፍ ይመለከታል

እኛ ስማችንና ፊርማችን በአባሪነት የተያያዘው፣ በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የምንሠራ የላብራቶሪ ቴክኒሻኖች፣ ረዳት ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን። ችግሩ የአንድ ተቋም ወይም የአንድ ኃላፊ ብቻ ስላልሆነ ማንንም በስም አንከስም። ለቅርብ አለቆቻችን በቃል ደጋግመን ብናመለክትም «በጀት ሲፈቀድ» ከሚል መልስ በቀር ያገኘነው ስለሌለ በጽሑፍ ለመምጣት ተገደናል።

ባሌ የስንዴ አገር መሆኑ ለእናንተ አይነገርም። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ «ዲጋሉ» የተባለውን ዝርያ በባሌና በአርሲ ሲያወድም ገበሬው ያየውን እናስታውሳለን፤ ተመራማሪ እዚህ ለምን እንደሚያስፈልግም ያን ጊዜ ግልጽ ሆኗል። አዲስ ዝርያ ግን ዋግን በመቋቋሙ ብቻ አይመረጥም፤ ፕሮቲኑም ይለካል። የኬልዳል ዘዴ በሚባለው አሠራር የስንዴው ዱቄት በተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይፈላል። የሚወጣውን ነጭ ጭስ ስቦ ማስወጣት ያለበት ሁድ ነው። እኛ ከምንሠራባቸው ክፍሎች በአንዱ የሁዱ ሞተር ከተቃጠለ ቆይቷል። መስኮት እንከፍታለን፤ የሮቤ ነፋስ ጭሱን መልሶ ፊታችን ላይ ያመጣዋል። የቴክኒሻኖቻችን ጋዋን እጅጌ በአሲድ ፍንጣሪ ተበሳስቷል፤ ሳሉ ደግሞ ከሥራ ሰዓት በኋላም አይለቅም።

ስለ አውቶክሌቭም ሰሚ ያጣነው ነገር አለ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላ እንኳ ቆላ ከሚቀቀለው ዘግይቶ ይበስላል። የአውቶክሌቭ መመሪያ «ግፊቱ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን 121 ዲግሪ ይደርሳል» የሚለው በባሕር ጠረፍ ላለ አገር ነው። እዚህ በዚያው ግፊት የሚገኘው 116 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀረውን ሙቀት ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መድረስ አለበት፤ ያን ለመሸከም ደግሞ መሣሪያው የተፈተሸ፣ የደኅንነት ቫልቩም የሚሠራ መሆን ይኖርበታል። ያልተፈተሸ ዕቃ ላይ ግፊት ጨምሩ ብሎ ሰው ማዘዝ አይገባም። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ማምከንም ተሕዋስያኑ ሳይሞቱ ብልቃጡን ወደ ቆሻሻ መጣል ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን የምንመርጠው ተመራማሪዎቹ መሆን አልነበረብንም።

ከባሌ ተራሮች የሚመጣው የእንስሳት ናሙና ሌላ ሥጋት አለው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። የሞተ ቀበሮ ወይም የእረኛ ውሻ አንጎል ከፍቶ ናሙና የሚወስድ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሊከተብ ይገባዋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። ከመካከላችን ሳይከተቡ በተራ ጓንት ብቻ ይህን የሠሩ ተማሪዎች አሉ።

ጓንት ካልንም፣ ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የነበሩት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን እ.ኤ.አ. በ1996 ዳይሜቲል ሜርኩሪ የተባለው መርዝ ጥቂት ጠብታ በላቴክስ ጓንታቸው ላይ ፈሰሰባቸው፤ ጓንቱን አልፎ ገባና በ1997 ሕይወታቸውን አጡ። እሳቸው ዕውቀትም ዕቃም የነበራቸው ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ ጓንቱን የምንገዛው ከኪሳችን ነው፤ የምናገኘውም ፋርማሲው ያለው ዓይነት ነው።

ገንዘቡ ቢፈቀድ እንኳ የሚመጣበት ወቅት ከእርሻው ጋር አይገጥምም። በባሌ «ገና» የምንለው የበልግ ሰብል መጋቢት አካባቢ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይሰበሰባል። በጀቱ ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። ስንዴው ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ የሪኤጀንት ግዢው ይቆማል፤ ለመስክ ጉዞ የተያዘው ገንዘብም ይመለሳል።

ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኛ የተሰጠ መብት ነው። ስለዚህ የተበላሹት ሁዶች እንዲጠገኑ፣ አውቶክሌቮቹ ለዚህ ከፍታ በባለሙያ እንዲፈተሹ፣ ከእንስሳት ናሙና ጋር የሚሠሩ ሁሉ እንዲከተቡ፣ ቀናቸው ያለፈባቸው ኬሚካሎች በሥርዓት የሚወገዱበት መንገድ እንዲበጅ፣ የምርምር በጀትም እስከ መከር መጨረሻ እንዲቆይ እንጠይቃለን። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቅጥር ሠራተኞች አይደላችሁም ተብለው ጉዳት ሲደርስባቸው ያለ ካሳ መቅረታቸውም ይታይልን። ጥገናው ጊዜ እንደሚወስድ እንረዳለን፤ ክትባቱና ጓንቱ ግን ቀጠሮ የሚሰጣቸው አይደሉም።

በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን በትሕትና እናመለክታለን። ሌላውን ሥራችንን ሳናቋርጥ፣ ሁድ በማይሠራበት ክፍል የአሲድ ማፍላት ሥራን ከዛሬ ጀምሮ የማናከናውን መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አመልካቾች