አውሮፕላን ሠሪ ብቻውን አይሁን

በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራውን አስመላሽ ዘፈሩን ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። አብራሪ የመሆን ምኞቱ በቁመቱ ሳቢያ ሳይሳካ ሲቀር ተስፋ አልቆረጠም። የአውሮፕላን አሠራርን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተማረ፤ እንጨት እየቆረጠ አካሏን ሠራ፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር ገጠመላት። «ኬ-570ኤ» ብሎ ሰየማት። «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም የተወሰደ ነው፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት። እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ያደረገው የመጀመሪያው የበረራ ሙከራ አልተሳካም። ወሬው ግን ባሕር ተሻገረ። ገሚሱ አጨበጨበ፣ ገሚሱ ሳቀ። እኔ ከጭብጨባውም ከሳቁም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው ክንፉን ሲያጣብቅ አጠገቡ ቆሞ «እስቲ ያችን ማጋጠሚያ አሳየኝ» የሚለው ስንት ባለሙያ ነበረው?

በሌላው ዓለም በግል አውሮፕላን ለሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አለ። ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ሚልዋኪ ውስጥ ፖል ፖበሬዝኒ የሚባል አብራሪ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ያቋቋመው ኤክስፔሪመንታል ኤርክራፍት አሶሲዬሽን ነው። ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ የፖበሬዝኒ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ኦድሪም አብራው ደፋ ቀና ብላለች። ዛሬ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ኦሽኮሽ በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ በሚደረገው የማኅበሩ ትርዒት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይገኛል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ትርዒቱ አይደለም። በየከተማው ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ቅርንጫፎች ናቸው። ጡረተኛ መካኒክ፣ መምህር፣ በያጅ፣ ተማሪ በወር አንድ ጊዜ አንድ ሃንጋር ውስጥ ይሰበሰባሉ። ቡና ይቀዳል፤ አንዱ የጀመረውን የጅራት ክፍል ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ዞር አድርጎ ያየዋል። ከማኅበሩ አባላት ልምድ ያላቸው በቴክኒክ አማካሪነት ተመዝግበው ሠሪው ቤት ድረስ እየሄዱ ያለ ክፍያ ሥራውን ያያሉ።

ይህ ማየት ምን እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳይ። የእንጨት ክንፍ የሚሠራ ሰው ማጣበቂያ በበጠበጠ ቁጥር ከዚያው ብጥብጥ ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቆ ያስቀምጣል፤ ቀንና ቁጥር ይጽፍበታል። ሲደርቅ ቁራጩን በመዶሻ ይሰብረዋል። የተሰነጠቀው እንጨቱ ከሆነ ማጣበቂያው ይዟል ማለት ነው። በተጣበቀበት መስመር ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን በዚያ ቀን የተጣበቀው ሁሉ ይጣላል፤ የአንድ ወር ድካም ቢሆንም ይጣላል። እዚህ ላይ ነው ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው። የደከመ ሰው፣ ገንዘቡን የጨረሰ ሰው፣ «ይሁን፣ ይይዛል» ማለት ይቀለዋል። ክንፉ አንዴ ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም። ስለዚህ አማካሪው የሚጠራው ክንፉ ሳይለብስ፣ አጥንቱ እንደታየ ነው።

ሕጉም ሠሪውን መንገድ ይዞ እንዲሄድ ያደርገዋል። በአሜሪካ ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ራሱ መሥራቱን ማሳየት አለበት፤ ፎቶግራፉና የሥራ መዝገቡ ይታያል። የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ መርማሪ አይቶ ፈቃድ ከሰጠ በኋላም አውሮፕላኑ እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት በተወሰነ አካባቢ ብቻ እየበረረ ይፈተናል። በኪራይ ሰው መጫን ክልክል ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም አደጋ አለ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት በግለሰቦች የተሠሩት አውሮፕላኖች ከአገሪቱ ትናንሽና የግል አውሮፕላኖች 10 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ሳሉ፣ በ2011 ከደረሱት የእነዚህ አውሮፕላኖች አደጋዎች 15 በመቶውን፣ ሰው ከሞተባቸው ደግሞ 21 በመቶውን ይዘው ተገኝተዋል። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ «የሰማይ ቅማል» ያላትን ትንሽ አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ አሳተመ፤ በአውሮፓ ብዙ ተራ ሰው በየጋራዡ ሠራት። ከዚያ ሰው መሞት ጀመረ። አፍንጫዋን ቁልቁል ስትደፋ ሁለቱ ክንፎች እርስ በርስ እየተጫኑ መልሶ ቀና ማለት እንደሚያቅታት የታወቀው በእንግሊዝና በፈረንሳይ በነፋስ መፈተሻ ዋሻ ከተሞከረች በኋላ ነው። በየጓሮው ለየብቻቸው የሠሩ ሰዎች ይህን ከየት ያውቁታል? አንዱ የደረሰበትን ሌላው ሳይሰማ ይቀራል።

ለኛ አገር ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከፍታችን ነው። ኦሽኮሽ ከባሕር ጠለል በላይ 250 ሜትር አይሞላም። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የ40 ፈረሱ ሞተር ወደ 30 ይወርዳል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ይሳሳበታል፤ ክንፉም ለመነሣት ይበልጥ መሮጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ማኮብኮቢያው ይረዝማል፣ አቀበቱ ይከብዳል። ከበይነ መረብ የወረደ ንድፍ ይህን አይነግርህም። ሰንዳፋ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ለመብረር ስንት ኪሎ መቀነስ፣ የትኛውን ፕሮፔለር መግጠም እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እዚሁ ደጋ ላይ ሞተር ሲያስነሣ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ አለ። ቦሌ ውስጥ ግዙፍ ጄት ፈትተው የሚገጥሙ ባለሙያዎች አሉን። በጡረታ ቤታቸው የተቀመጡት ብዙ ናቸው።

«ፀሐይ»ን እናስብ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1935 ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በወራሪው ጣሊያን ተወስዳ አሥርት ዓመታትን በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም አሳለፈች። በጃንዋሪ 2024 ስትመለስ ደስ ያላለው የለም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከአንዷ «ፀሐይ» ወዲህ በእጅ መሥራትን ባህል ባለማድረጋችን ማዘን የሚገባን ይመስለኛል። የተመለሰችውን ማክበር ጥሩ ነው፤ የሚሠሩትን መደገፍ ይበልጣል።

ልመናዬ ትልቅ አይደለም። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በግለሰብ የሚሠራ ቀላል አውሮፕላን ከንድፍ እስከ መጀመሪያ በረራ የሚያልፍበትን መንገድ፣ የትኛው በር እንደሚንኳኳና ማን እንደሚመረምር፣ አንድ የቴክኒክ ተማሪ አንብቦ በሚረዳው አማርኛ አሳትሞ ያዳርስ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኃላፊዎች፣ ከወርክሾፓችሁ አንዱን በወር አንድ ቅዳሜ ክፈቱ። ጡረታ የወጣችሁ የአውሮፕላን መካኒኮች፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ያንን ቅዳሜ ስጡን። የምንመሠርተውን ማኅበር ደንብ በኋላ እንጽፈዋለን፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ይተዋወቁ።

አንተም በጓሮህ የጀመርክ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ክንፉን ጨርቅ ከማልበሳችሁ በፊት አንድ መካኒክ ፈልጋችሁ አሳዩት።