የካርቱም ክረምትና የጀዚራ ትንሽ ባቡር

ባቡር ሐዲድ የሚያሠራ መንግሥትም ሆነ ኩባንያ ሁለት ዓይነት ወጪ እንዳለበት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛው ሐዲዱን ለመዘርጋት የሚከፈለው ነው፤ ሁለተኛው የተዘረጋውን ለመጠበቅ በየዓመቱ የሚከፈለው ነው። ለአንደኛው በዓል ይደረግለታል፤ ንግግርም ይነገርለታል። ሁለተኛውን ግን ዶማና አካፋ ይዘው በሐዲዱ ላይ ከሚሄዱት ሠራተኞችና ደመወዛቸውን ከሚጽፈው ጸሐፊ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከዚህም የተነሣ በጀት በጠበበ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው እርሱ ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን የጎረቤታችን የሱዳን ሁኔታ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወደ ዋድ መደኒና ወደ ጀዚራ ምድር ተሻገረ። የሱዳን ጦር ሠራዊት ዋድ መደኒን በጃንዋሪ 2025፣ ካርቱምን ደግሞ በማርች 2025 መልሶ ይዟል። በዚህ መካከል የጠፋው ሕይወትና የፈረሰው ሀብት እጅግ ብዙ ነው። ስለ እድሳት በሚታሰብበት ጊዜ ግን ጦርነቱ ያፈረሰውን ቀድሞ ከጠፋው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የጀዚራ ቀላል ባቡር የጠፋው አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ነውና።

አንባቢ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዳው ታሪኩን በአጭሩ እንገልጻለን። ከካርቱም በስተ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለው ሜዳ ጀዚራ ይባላል። በ1925 የሰናር ግድብ ከተፈጸመ በኋላ የዓባይ ውኃ በቦይ እየተመራ ሜዳው የጥጥ እርሻ ሆነ። እርሻውን በመጀመሪያ የእንግሊዝ ኩባንያ ያስተዳድረው ነበር፤ ከ1950 ጀምሮ ግን አስተዳደሩ ለሱዳን የጀዚራ ቦርድ ተላለፈ። የመናቅል ማስፋፊያ ከተጨመረበት ወዲህ የእርሻው ስፋት ከሁለት ሚሊዮን ፌዳን በላይ ደረሰ።

ይህን ያህል ሜዳ የሚያገለግለው ባቡር የመንግሥቱ ምድር ባቡር አልነበረም። የመንግሥቱ ሐዲድ ስፋቱ 106.7 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከካርቱም በዋድ መደኒ አድርጎ ወደ ሰናር ይወርዳል፤ ከ1929 ጀምሮም በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ከፖርት ሱዳን ጋር ተገናኝቷል። የእርሻው ባቡር ግን የባለ ጥጡ የራሱ ንብረት ነበር። ሐዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሰፋል። መነሻው በ1920ዎቹ ቦዮቹ ሲቆፈሩ የተዘረጋው 135 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ሲሆን፣ እርሻው በሰፋ ቁጥር እየተቀጠለ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ነበር። ጥጡን ከየማሳው ሰብስቦ በመረንጋንና በሐሳሔይሳ ወዳሉት መዳመጫዎች ያደርሳል፤ ሲመለስም ማዳበሪያ፣ ነዳጅና የምግብ እህል ለየመንደሩ ያደርሳል።

እንግዲህ ይህ ባቡር በክረምት ይቆም ነበር። ጉዳዩን ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ሳምንታት ሥራ የሚፈታ ባቡር የስንፍና ምልክት ይመስለው ይሆናል። ምክንያቱን የሚያስረዳው ግን መሬቱ ነው። የጀዚራ አፈር ከግማሽ በላዩ ሸክላ የሆነ ጥቁር መሬት ነው። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈትበታል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፤ ይለሰልሳል። ሐዲዱ የተኛበት ጠጠርም በጭቃው ይዋጣል፤ አግዳሚዎቹ በአንድ ወገን ይሰጥማሉ፤ መጋጠሚያዎቹም ይላላሉ።

በዚህ ላይ የሐዲዱ ጥበት አደጋውን ያበዛዋል። አንደኛው ሐዲድ ከሌላው በሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ በሰፊው መስመር ላይ የሚሄደው ፉርጎ ጥቂት ያዘነብላል። በጠባቡ መስመር ላይ ያለው ግን ከዚያኛው ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ያዘነብላል። የጥጥ ጭነት ከፍ ብሎ የሚቆለል በመሆኑም ፉርጎው ወደ ቦዩ ለመገልበጥ ብዙ አይቀረውም። በፉርጎዎቹ መካከል የቆመ ሠራተኛ ቢኖር የሚደርስበትን መናገር አያስፈልግም።

ስለ ባቡር ጥበቃ የተጻፉትን የአውሮፓ ደንቦች ወደ ቋንቋችን ለመመለስ የሚሞክር ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ችግር ያጋጥመዋል። እነርሱ የክረምት ጥንቃቄ ሲሉ በረዶ መጥረግን፣ የሐዲድ መለያያዎችን ማሞቅን፣ በቅዝቃዜ የሚሰነጠቀውን ብረት መመርመርን ማለታቸው ነው። የሱዳን ሰው ኸሪፍ የሚለው፣ እኛም ክረምት የምንለው ወራት ግን የዝናብ ወራት ነው። ቢሆንም ነገሩ በአንድ በኩል ይገናኛል። በሩስያና በካናዳ ከሐዲዱ በታች ያለው ውኃ ሲረጋ መሬቱን ያነሣዋል፤ ሲቀልጥም ይጥለዋል። በጀዚራ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሸክላው ነው። ስለዚህ በሁለቱም አገር ዋናው ጥንቃቄ ውኃን ከሐዲዱ ሥር ማራቅ ነው።

በካርቱም የሚዘንበው ዝናብ በልማዱ ጥቂት ነው፤ በአብዛኛውም ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ይወርዳል። ነገር ግን ጥቂት በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። በኦገስት 1988 የዓመቱን ያህልና ከዚያም የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀንና ሌሊት ወርዶ ከተማውን አጥለቀለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብም ቤቱን አጣ። በዚሁ ወራት በኢትዮጵያ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ዓባይን ሞልቶ፣ ደለሉን ተሸክሞ ወደ ሰናርና ወደ ካርቱም ይደርሳል። ደለሉ ቦዮቹን ሲደፍን ውኃው ከቦዩ ወጥቶ ሐዲዱ የተሠራበትን ድልድል ይበላል። እንግዲህ የባቡሩ ጠባቂ ከሰማይ የሚወርደውንም ከወንዝ የሚመጣውንም መቁጠር አለበት።

የባቡሩ መቆም ከእርሻው ወራት ጋርም የተስማማ ነበር። ጥጡ በኦገስት ገደማ ይዘራል፤ ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል ይለቀማል። ብዙው ጭነት የሚጓዘው መሬቱ ደርቆ በጸና ጊዜ ነው። ማዳበሪያውና ነዳጁ ከዝናቡ በፊት በየመጋዘኑ ከገባ ባቡሩ ቢያርፍ የሚጎዳ ነገር የለም።

ነገር ግን ባቡሩ አረፈ ማለት ሠራተኛው አረፈ ማለት አይደለም። ከዝናቡ በፊት የውኃ መውረጃዎቹና ቱቦዎቹ ይጠረጋሉ፤ በሐዲዱ መካከል የበቀለው ሣር ይነቀላል። በዝናቡ ወራት ሐዲዱን በእግር እየተዘዋወረ የሚጎበኝ ሰው ያስፈልጋል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሰመጠው ስፍራ በጠጠር ይነሣል፤ ስፋቱ ይለካል፤ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ መለያያዎቹ ተጠርገው ዘይት ይቀባሉ። እጅግ አደገኛ የሆነው የመጀመሪያው ጉዞ ነው። መሬቱ ላዩ ደርቆ ውስጡ ረጥቦ ይቆያልና፣ መስመሩ በእግር ሳይታይ ጭነት የያዘ ባቡር ሊለቀቅበት አይገባም። ባዶ ፉርጎ በዝግታ ቀድሞ ቢሄድ የሚጠፋው አንድ ቀን ነው።

የግል ባቡር ጉዳይ የሚከብደው በዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ምድር ባቡር ተቆጣጣሪም ደንብም አለው፤ መንገደኛ ስለሚጭንም ጉድለቱ ቶሎ ይሰማል። በፋብሪካ ግቢ ወይም በእርሻ ውስጥ የሚሄደው ሐዲድ ግን ባለ ንብረቱ ካልጎበኘው ሌላ ጎብኚ የለውም። የጀዚራ ቦርድ ሥራውን በሙሉ በእጁ ይዞ በነበረበት ዘመን ጥጡም ሐዲዱም መዳመጫውም የአንድ ባለቤት ስለነበሩ፣ ሐዲዱ ቢበላሽ የሚከስረው ራሱ ጠጋኙ ነበር።

የ2005 የጀዚራ ሕግ ይህን አሠራር ለወጠ። ገበሬው የሚዘራውን እንዲመርጥ ነፃነት ሰጠው፤ የትንንሾቹንም ቦዮች አያያዝ ለውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አስተላለፈ። ለገበሬው ነፃነት መሰጠቱን የምንነቅፍ አይደለንም። ነገር ግን ሁሉም የሚጠቀምበትና ማንም ብቻውን ሊይዘው የማይችለው ነገር ጠባቂ ሳይሾምለት ቀረ። ብዙ ገበሬ ጥጥ መዝራቱን ሲተው የባቡሩ ጭነት ቀነሰ፤ ጭነቱ ሲቀንስ ለጥገናው የሚከፍል ታጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የባቡሩ ሥራ ተቋረጠ፤ ሐዲዱም በብዙ ስፍራ ተነቅሎ ሄደ። ጭነቱ ለካሚዮን ተላለፈ። ነገር ግን ባቡሩን ያስቆም የነበረው ጭቃ ካሚዮኑንም ያስቆመዋል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ስለዚህ ወደ ፊት የጀዚራን ባቡር ለማደስ የሚያስብ ወገን ቢነሣ፣ ከሐዲዱና ከሎኮሞቲቩ ግዢ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ሊወስን ይገባዋል። አንደኛ፣ መስመሩን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ባቡሩ በማይሠራባቸው ወራት የጥገናው ሠራተኛ ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል፤ ሦስተኛ፣ ከዝናብ በኋላ መስመሩ እንዲከፈት የሚፈቅደው ማን እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ሥልጣን ጥጡ እንዲደርስለት ለሚቸኩለው ሰው ሊሰጥ አይገባም፤ ሐዲዱን በእግሩ ሄዶ ላየው የጥገና አለቃ ሊሰጥ ይገባዋል።