ነጻ ያደረገው መንግሥት ማካካሻውን ይክፈል

የንብረት ግብር ሂሳብ ሲመጣ የቶሮንቶ አካል በሆነችው ስካርቦሮ ውስጥ የማይማረር የቤት ባለቤት ጥቂት ነው፤ እኔም ከሚማረሩት አንዷ ነኝ። ቶሮንቶ የቤት ግብርን በ2024 በ9.5 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ በ6.9 በመቶ ጨምራለች። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የስካርቦሮ ግቢን፣ ሴንቴኒያል ኮሌጅንና ሆስፒታሎቻችንን ግን ይህ ግብር አይነካቸውም። ነጻ ያደረጋቸው የኦንታሪዮ ሕግ ነው።

ነጻ መሆናቸውን አልቃወምም። ምድር ቤቴን የማከራየው ለተማሪዎች ነው፤ ግቢው ባይኖር ተከራይም አላገኝም ነበር። ቅሬታዬ በማካካሻው ላይ ነው። በግብሩ ምትክ ለከተማዋ የሚገባላት በአንድ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ወይም በአንድ የሆስፒታል አልጋ በዓመት 75 ዶላር ነው። ተመኑ ከ1987 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከ170 ዶላር ያልፍ ነበር። 10 ሺህ ተማሪ ላለው ግቢ ልዩነቱ በዓመት ከ950 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ተማሪዎቹን የሚያመላልሰው 905 አውቶቡስ፣ የበረዶ ጠረጋው፣ የእሳት አደጋ መኪናው ሁሉ የከተማዋን ካዝና ይጠይቃል። የጎደለውን የምንሞላው እኔና ጎረቤቶቼ ነን፤ ተከራዮቻችንም በኪራይ ይጋሩታል።

«ተመኑ ከጨመረ ከትምህርት በጀት ይቀነሳል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። ስለዚህ የኦንታሪዮ መንግሥት ጭማሪውን ከራሱ ካዝና ለተቋማቱ ይስጥ፤ ተመኑንም በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ያስተካክል። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ቀላል ነው። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ዕጩዎች ድምፅ ፍለጋ በራችሁን ሲያንኳኩ ስለዚህች 75 ዶላር ጠይቋቸው።