ነዳጅ መግዛት ሌላ፣ ስም መሸጥ ሌላ

ዋልያዎቹ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ የተሰለፉበትን የአፍሪካ ዋንጫ ሙሉ ስም ታስታውሳላችሁ? በይፋ «ቶታልኢነርጂስ የአፍሪካ ዋንጫ» ይባል ነበር። የፈረንሳዩ ነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጋር ተዋውሎ ስሙን ከዋንጫው ፊት አስቀመጠ። ከኡጋንዳ እስከ ታንዛኒያዋ ታንጋ ወደብ ለሚዘረጋው የ1,443 ኪሎ ሜትር የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧም ዋነኛው ባለድርሻ ይኸው ኩባንያ ነው። ቧንቧውን ተቃውመው ካምፓላ ላይ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ታስረዋል። እኛ ግን ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስናይ ልባችን ላይ የሚቀረው ጎሉ ነው። ስፖንሰርነት የሚሠራው እንዲህ ነው። ከምንወደው ነገር ጎን ይቆማል፤ ፍቅራችን ሲፈስ ለእርሱም ይደርሰዋል።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጓሳ፣ ከመንዝ ደጋ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ጅብራውና ጓሳ ሣሩ ብርዱን ለምደው ይኖሩበታል። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን እያሞቀ ነው። ሲሞቅ የቆላው ፍጥረት ወደ ደጋ ሽቅብ ሊሸሽ ይችላል። የጓሳው ግን ወዴት ይሸሻል? ከተራራው ጫፍ በላይ ሌላ ተራራ የለም።

«አንተስ መሐል ሜዳ የምትገባው በምን ተሳፍረህ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በነዳጅ በሚሄድ መኪና ነው። እህሉም ወደ ገበያ የሚወርደው በነዳጅ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ስንቀዳ ዋጋውን ከፍለናል፤ ሒሳባችን እዚያው ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ዝማሬያችንን፣ ድራማችንን፣ የልጆቻችንን ደስታ የመመረቂያ ያህል የምንጨምርለት ዕዳ የለብንም። ነዳጅ መግዛት ሌላ፣ ስም መሸጥ ሌላ።

ይህን ልዩነት በሥራ ያሳዩ ሰዎች አሉ። ለንደን የሚገኘው ቴት የተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከነዳጅ ኩባንያው ከቢፒ ገንዘብ ይቀበል ነበር። በ2010 ቴት ስለ ጥበብና ተቃውሞ ዐውደ ጥናት አዘጋጀና ተሳታፊዎቹን በተቋሙ ስፖንሰሮች ላይ ምንም እንዳያደርጉ አስጠነቀቀ። ልብ በሉ፤ የስፖንሰር ገንዘብ መጀመሪያ የሚገዛው ዝምታን ነው። ሰዎቹ ግን ዝም አላሉም፤ «ቴትን ነፃ አውጡ» የሚል ቡድን መሠረቱ። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የቢፒ ጉድጓድ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም ለ87 ቀናት ወደ ባሕር ፈሰሰ። በዓመቱ አንድ ሰው በቴት አዳራሽ ወለል ላይ ራቁቱን ተኝቶ ዘይት የሚመስል ጥቁር ፈሳሽ ፈሰሰበት። እዚያው 87 ደቂቃ ቆየ፤ ለአንድ ቀን አንድ ደቂቃ መሆኑ ነው። በ2012 ደግሞ 16.5 ሜትር የሚረዝም የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ ተሸክመው ገቡና «ስጦታችን ነው» ብለው አስቀመጡት። ቴት ከቢፒ የሚያገኘው ገንዘብ በአማካይ በዓመት 224,000 ፓውንድ ብቻ እንደ ነበረ በ2015 ተገለጠ። ያ ሁሉ ክብር በዚህ ዋጋ ተሸጦ ነበር! ውሉ በ2017 አበቃ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከመቅደላ የተዘረፉ 11 ታቦታትን ይዞ የተቀመጠው የብሪታንያ ሙዚየም በ2023 መጨረሻ ከዚሁ ቢፒ ጋር የ50 ሚሊዮን ፓውንድ ውል መፈራረሙን አስታወቀ። የሰው ቅርስ በያዘ ቤት ላይ የራሱን ስም የሚለጥፍ አለ ማለት ነው።

«ራቁት መተኛት፣ ክንፍ መሸከም የክርስቲያን ነገር ነው?» የሚል ካለ መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈት። ኢሳይያስ 20ን ያንብብ፤ ነቢዩ ሦስት ዓመት እንዴት ሆኖ እንደ ተመላለሰ ይይ። ኤርምያስ 19 ላይ የሸክላው ገንቦ በሽማግሌዎች ፊት ለምን ተሰበረ? በምዕራፍ 27 ቀንበር በአንገቱ ያደረገው ለምንድን ነው? ሕዝቅኤል 4 ላይ ጡብ ላይ ከተማ ስሎ በጎኑ የተኛውስ ማን ነው? ቃል ሰምቶ እንዳልሰማ ለሆነ ሕዝብ እግዚአብሔር ድራማ ልኮለታል። እኛ ድራማን የገና ፕሮግራም ማሟያ አድርገነዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በወጣቶች ኮንፈረንሳችን መድረክ ላይ የቢራ ፋብሪካ ባነር ቢሰቀል ሽማግሌዎች በዚያው ሌሊት ይሰበሰባሉ። የነዳጅ ኩባንያ ባነር ቢሆን ግን የምስጋና ደብዳቤ እናዘጋጃለን። ለምን? የቢራው ጉዳት መንገዳችን ላይ ሲንገዳገድ እናየዋለን። የነዳጁ ጉዳት የሚደርሰው ሩቅ ባለ ባሕር፣ ገና ባልተወለደ ልጅና ቋንቋ በሌለው ቀበሮ ላይ ነው። የማናየው ጉዳት ግን ጉዳት መሆኑ አይቀርም። ማቴዎስ 27 ላይ የካህናት አለቆች የደም ዋጋውን ብር ወደ መቅደስ መዝገብ ማስገባት ተጸይፈው ነበር። እነዚያ እንኳ ብሩ ከየት እንደ መጣ ጠየቁ። እኛ ሳንጠይቅ ቲሸርት እናሳትምበት?

«ድሃ ነን፤ ገንዘብ መምረጥ ለሀብታም ነው» የሚለውን ክርክር ግን ጓሳ ላይ ቆሞ ማንም አይናገረው። የመንዝ ገበሬ ጓሳውን መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል። አባ ቄራ ተመርጦ፣ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሲፈቀድ ብቻ ይታጨድ ነበር። ጣራው የሚያፈስበት፣ ገመድ የሚያስፈልገው ሰው ያን ሣር በዓይኑ እያየ ታግሦ አልፏል። ሀብታም ስለ ነበረ አይደለም፤ ሁሉ ነገር እንደማይነካ ስላወቀ ነው። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞታል። ድሃ «እምቢ» ማለት እንደሚችል ይህ ተራራ ይመሰክራል።

ስለዚህ ይህን አድርጉ። የስፖንሰር ደብዳቤ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ገንዘቡ የመጣው ከምን ሥራ ነው? በሥራው የተጎዳው ማን ነው? ገንዘቡን ከተቀበልን በኋላ ስለዚያ ሰው በመድረካችን ላይ መናገር እንችላለን? ለሦስተኛው መልሱ «አንችልም» ከሆነ የተሸጠው አፋችን ነውና መልሱት። ምሳ የሚቀንስ ከሆነ ቆሎ ቋጥረን እንምጣ።

የድራማ ቡድኖችም ሥራ አላችሁ። በሚቀጥለው ኮንፈረንስ የስፖንሰር ስም በሚሰቀልበት ቦታ ነጭ ጨርቅ ስቀሉ። ምንም አትጻፉበት። ሰው ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንዳችሁ ወደ መድረክ ውጡና «ይህ ቦታ አልተሸጠም» በሉ። ከዚያ ዝማሬው ይቀጥል።